ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሸጋገረ በኋላ በራሱ እየተዘጋ ያስቸገረ የካሜራ መቅረጫ ሶፍትዌርን የማስተካከል መመሪያ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ በየሱቁና በየሆቴሉ ያሉ ኮምፒውተሮች ወደ 11 እየተሸጋገሩ ነው። የሒሳብ ኮምፒውተሩ ከሽግግሩ በኋላ ቢያስቸግር ወዲያው ስልክ ይደወላል። ባንኮኒ ሥር፣ ሞኒተሩ ጠፍቶ የተቀመጠው የካሜራ ኮምፒውተር ግን ቀረጻ ካቆመ ሳምንት ቢሞላውም የሚያውቅለት የለም። የሚታወቀው ዕቃ ጠፍቶ «እስቲ ካሜራውን እንየው» የተባለ ዕለት ነው።

መመሪያው ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ለሚቀርጽ ሶፍትዌር ነው፤ ብሉ አይሪስም ይሁን ማይልስቶን ወይም የካሜራው አምራች በነጻ የሚሰጠው። ራሱን የቻለ የዲቪአር ወይም የኤንቪአር ሳጥን ላላችሁ አይመለከታችሁም። የሜኑ ስሞችን ስክሪኑ ላይ በምታዩት እንግሊዝኛ አጠራር አስቀምጫለሁ።

ሶፍትዌሩን ነቅላችሁ እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ

አብዛኛው ሰው፣ ባለሙያ ነኝ የሚለውም ጭምር፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሶፍትዌሩ ሲነቀል የካሜራዎቹን ዝርዝርና የቀረጻውን ዳታቤዝ (የትኛው ቀረጻ የት እንዳለ የሚይዘውን መዝገብ) ይዞ ሊሄድ ይችላል። የቪዲዮ ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ ቢቀሩም አዲስ የተጫነው ሶፍትዌር ላያውቃቸው ይችላል፤ ወይም ቦታ ሲያጥረው አሮጌ ናቸው ብሎ ያጠፋቸዋል። በዚያ ላይ ችግሩ የግራፊክስ ድራይቨር (ዊንዶውስን ምስል ከሚያወጣው ካርድ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከሆነ መቶ ጊዜ ነቅሎ መጫን ምንም አይለውጥም።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን አስቀምጡ። ሶፍትዌሩ ለአንድ አፍታም ቢሆን የሚከፈት ከሆነ ሴቲንጉን «ኤክስፖርት» አድርጉ። ካልሆነም የካሜራዎቹን አይፒ አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል፣ ቀረጻው የሚቀመጥበትን ፎልደርና የላይሰንስ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። የምትፈልጉት ቀን ቀረጻ ካለ እሱን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ቅዱ። ሁሉንም ልቅዳ ማለት አያዋጣም፦ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በ24 ሰዓት ወደ 43 ጊጋባይት ይሞላል፤ ስምንት ካሜራ ሲሆን በቀን ወደ 345 ጊጋባይት ነው። ካሜራዎቹ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያ ካላቸው ደግሞ ካርድ ጨምሩባቸውና በራሳቸው እንዲቀርጹ አድርጉ። ጥገናው ሁለት ሦስት ቀን ቢፈጅ እንኳ ቤቱ ያለ ዓይን አይቀርም።

አንድ የሚያልፍ ዕድል አለ። ዊንዶውስ ከተሸጋገረ በኋላ ለ10 ቀን አሮጌውን ይዞ ያቆየዋል። «ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሪከቨሪ» ብትገቡ «ጎ ባክ» የሚል ቁልፍ ታገኛላችሁ። ወደ ኋላ ስትመለሱ የግል ፋይሎቻችሁ አይጠፉም፤ ከሽግግሩ በኋላ የጫናችኋቸው ፕሮግራሞችና ድራይቨሮች ግን ይወገዳሉ። ወርቅ ቤት ወይም ብዙ ዕቃ የሚገባበትና የሚወጣበት መጋዘን ከሆነ የኔ ምክር ቀላል ነው፦ ዛሬውኑ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ቀረጻው ይቀጥል፣ ከዚያ ረጋ ብላችሁ ተዘጋጁ። ሌላ ቦታ ከሆነ ቀኑን ቁጠሩና እስከዚያ ድረስ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚለውን የቀድሞውን ዊንዶውስ የያዘ ፎልደር ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ እንዳታጠፉት።

መቼ ነው የሚዘጋው?

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው። «ይዘጋል» ብቻ ብሎ የሚደውል ሰው ምንም አልነገራችሁም።

ሶፍትዌሩ ገና ምስል ሳያሳይ ወዲያው ከተዘጋ የጎደለ ፋይል፣ ያልተፈቀደ ድራይቨር ወይም የተበላሸ ዳታቤዝ ነው። ተከፍቶ የካሜራዎቹ ምስል መምጣት ሲጀምር ከወደቀ ጣታችሁን ግራፊክሱ ላይ ቀስሩ። ሰዓታት ሠርቶ ከወደቀ ሜሞሪ እየበላ ነው ወይም ዲስኩ እየሞላ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ከወደቀ ደግሞ በዚያ ሰዓት የሚነሳ ሌላ ሥራ አለ፤ የአንቲቫይረስ ፍተሻ፣ ባክአፕ፣ ወይም ሶፍትዌሩ ራሱ አሮጌ ቀረጻ የሚያጸዳበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩ ራሱ ጠፍቶ የሚነሳ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ጥፋት የለበትም። መብራት ሄዶ መጥቶ ይሆናል፣ ወይም የዩፒኤሱ ባትሪ ደክሟል። ዘበኛውን መጠየቅ ከሎጉ፣ ኮምፒውተሩ የሆነውን ከሚመዘግብበት መዝገብ፣ ይቀድማል።

ሎጉን ማንበብ

«ስታርት» ላይ በቀኝ ተጫኑና «ኢቨንት ቪወር» የሚለውን ክፈቱ። በግራ በኩል «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከሥሩ «አፕሊኬሽን» አለ። ቀይ ምልክት ያለባቸውን «ኤረር» መስመሮች ፈልጉ፤ የምትፈልጉት ምንጩ «አፕሊኬሽን ኤረር»፣ ቁጥሩ 1000 የሆነውን ነው።

ሰዓቱን ስታመሳስሉ ተጠንቀቁ፤ እኛ አገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘበኛው «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የተቋረጠው» ካላችሁ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 2:00ን ነው፤ ሎጉ 20:15 ካለ ከምሽቱ 2:15 ማለቱ ነው። የካሜራዎቹ ሰዓት ከኮምፒውተሩ ጋር ካልገጠመ ደግሞ ነገሩ ይብስ ይወሳሰባልና ሁሉም ከአንድ የሰዓት ሰርቨር እንዲያስተካክሉ አድርጉ፤ የሰዓት ቀጠናውም የምሥራቅ አፍሪካው፣ ማለትም ፕላስ 3 መሆኑን አረጋግጡ።

መስመሩን ስትጫኑት ከታች በኩል ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛው የወደቀው ፕሮግራም ስም ነው፤ የናንተው ሶፍትዌር መሆኑን ለማረጋገጥ ብቻ ይጠቅማል። ሁለተኛው «ፎልቲንግ ሞጁል» የሚለው ሲሆን ዋናው እሱ ነው፤ ፕሮግራሙ የወደቀው የትኛውን ፋይል ሲያስኬድ እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው የስህተት ኮዱ ነው።

የሞጁሉ ስም በ«ኤንቪ» ከጀመረ የኢንቪዲያ፣ በ«አይጂ» ከጀመረ የኢንቴል፣ በ«ኤቲአይ» ወይም በ«ኤኤምዲ» ከጀመረ የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። «ራንታይም 140» የሚል ቁራጭ ካለበት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል አርጅቷል ወይም ጎድሏል፤ አዲሱን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዳችሁ የ32 ቢቱንም የ64 ቢቱንም ጫኑ። ከጎኑ ቁጥሩ 1026 የሆነ፣ «ዶት ኔት» የሚል ሌላ ቀይ መስመር ካለ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ዶት ኔት በተባለው ሌላ የማይክሮሶፍት ጥቅል ላይ ተመሥርቶ ነው። አሮጌ ሶፍትዌሮች የሚጠይቁት ዶት ኔት 3.5 ደግሞ ዊንዶውስ 11 ላይ ካልከፈቱት አይሠራም፤ «ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ» ውስጥ ገብታችሁ ምልክት ታደርጉበታላችሁ። ሞጁሉ «ኤንቲዲኤልኤል» ከሆነ ብዙ ነገር አልነገራችሁም፤ እሱ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ነው፣ ጥፋተኛው ሌላ ሆኖ እሱ ጋ ሲደርስ የሚወድቅ ብዙ አለ።

ኮዱ በ0005 ካበቃ ፕሮግራሙ የማይፈቀድለትን የሜሞሪ ቦታ ነክቷል፤ በ0135 ካበቃ የሚፈልገው ፋይል ጭራሽ የለም። ይህን ያዩ ሰዎች የጎደለውን ፋይል ስም ጎግል ላይ ፈልገው ከማይታወቅ ድረ ገጽ ለብቻው ያወርዳሉ። አታድርጉት። የቤታችሁን ካሜራ ሁሉ በሚያይ ኮምፒውተር ላይ ከማን እንደመጣ የማታውቁትን ፋይል መጣል ነው።

በሰዓቱ ምንም ቀይ መስመር ከሌለ «አፕሊኬሽን»ን ትታችሁ «ሲስተም» የሚለውን ክፈቱ። 41 ቁጥር ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ይናገራል፤ ዋና ምክንያቱ መብራት ነው። 7031 ወይም 7034 ካያችሁ በሰርቪስነት፣ ማለትም ሳይታይ ከጀርባ የሚሠራው የሶፍትዌሩ ክፍል በድንገት ቆሟል ማለት ነው።

ሌላ ጥሩ መሣሪያ አለ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። የ«ስታርት» መፈለጊያ ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በየቀኑ የተበላሸውን በቀይ ምልክት የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይከፈታል። ሽግግሩ ከተደረገበት ቀን በፊትም ቀይ ምልክት ካለ ሶፍትዌሩ ድሮም ይወድቅ ነበር፣ ያስተዋለው ሰው ነው የጠፋው። እንግዲያው ዊንዶውስ 11ን መውቀስ ጊዜ ማባከን ነው።

ግራፊክሱ

ምስል ሲመጣ የሚወድቀው አብዛኛው ችግር እዚህ ይፈታልና ጊዜ ስጡት።

የመቅረጫ ሶፍትዌር የካሜራዎቹን ቪዲዮ ለመፍታት የግራፊክስ ቺፑን ይጠቀማል፤ ብሉ አይሪስ ለምሳሌ የኢንቴሉን ኩዊክ ሲንክ መጠቀም ይችላል። ሽግግሩ ሲካሄድ ዊንዶውስ አሮጌውን ድራይቨር አንስቶ ከራሱ ማከማቻ ሌላ ሊጭን ይችላል። «ዲቫይስ ማኔጀር»ን ክፈቱና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ዘርጉት። የካርዱ ስም መኖር በነበረበት ቦታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ትክክለኛው ድራይቨር የለም። ከካርዱ አምራች ወይም ከኮምፒውተሩ አምራች ድረ ገጽ ለሞዴላችሁ የተሠራውን አውርዳችሁ ጫኑ።

የካርዱ ስም በትክክል ካለ በመጀመሪያ ሶፍትዌሩ ውስጥ «ሃርድዌር አክሰለሬሽን» ወይም «ሃርድዌር ዲኮዲንግ» የሚለውን አጥፉትና ሙሉ ቀን ይቆይ። ካልወደቀ ጥፋተኛው ተገኝቷል። አክሰለሬሽኑን መልሳችሁ ለማብራት የካርዱን ድራይቨር አድሱ፤ በአዲሱም ከወደቀ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ የካርዱን «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱና «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉት።

አክሰለሬሽኑ ሲጠፋ ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። «ታስክ ማኔጀር» ላይ ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ በዚያ መክረም አይቻልም። የቀጥታ ምስሉን ወደ «ሰብ ስትሪም»፣ ካሜራው ጎን ለጎን ወደሚልከው ዝቅ ያለ ጥራት፣ ቀይሩት፤ ቀረጻው በዋናው ጥራት ይቀጥላል፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ብቻ ያንሳል። ካሜራዎቹ ኤች.265 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ የሚልኩ ከሆነ ለጊዜው ወደ ኤች.264 መመለስም ፕሮሰሰሩን ያሳርፈዋል፤ ዲስኩን ግን ቶሎ ይሞላዋል።

ካሜራውና ኔትወርኩ ንጹሕ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱና «ኦፕን ኔትወርክ ስትሪም» ውስጥ የካሜራውን የአርቲኤስፒ አድራሻ (የቀጥታ ቪዲዮው የሚገኝበትን) አስገቡ፤ ፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ 554 ነው። ቪኤልሲ ላይ ምስሉ ጥርት ብሎ ከመጣ ካሜራውን፣ ገመዱንና ስዊቹን ከተጠርጣሪነት አውጧቸው።

ዊንዶውስ የከለከላቸው ነገሮች

ኮምፒውተሩ ውስጥ የተሰካ የአናሎግ ካሜራ ካርድ ወይም የዩኤስቢ ላይሰንስ ቁልፍ ካላችሁ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ»፣ ከዚያ «ኮር አይሶሌሽን» ግቡ። «ሜሞሪ ኢንተግሪቲ» በርቶ ከሆነ አሮጌ ድራይቨሮችን አያስነሳም፤ «ዲቫይስ ማኔጀር» ላይም ካርዱ ቢጫ ምልክት ይዞ ይታያል። አምራቹ አዲስ ድራይቨር ካለው ጫኑ። ከሌለው ምርጫው ሁለት ነው፦ ጥበቃውን ማጥፋት ወይም ካርዱን መሸኘት። እኔ የማጠፋው ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት የተነጠለ፣ ሰው ፌስቡክ የማይከፍትበት ከሆነ ብቻ ነው። ለሌላው ካርዱን ቀይሩት።

ቀረጻው የሚቀመጠው «ቪዲዮስ» ወይም «ዶክዩመንትስ» ፎልደር ውስጥ ከሆነ «ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን» ውስጥ ያለውን «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» እዩ። በርቶ ከሆነ ሶፍትዌሩን ከተፈቀደላቸው ውስጥ አስገቡት። የተሻለው ግን ቀረጻውን ለብቻው ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ነው።

የዲስኩ ፊደልም ይቀየራል። ትናንት «ዲ» የነበረው ዛሬ «ኢ» ሆኖ ሶፍትዌሩ የሌለ ቦታ ላይ ለመጻፍ እየሞከረ ይወድቃል። «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ የድሮውን ፊደል መልሱለት። «ሲ»ንም እዩት፤ የቀድሞው ዊንዶውስ ብዙ ጊጋባይት ስለሚይዝ ዳታቤዙ እዚያ ካለ ቦታ ሊያጣ ይችላል።

የቀረጻ ዲስካችሁ ናስ፣ ማለትም በኔትወርክ የተያያዘ የዲስክ ሳጥን ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ከተባለው ቨርዥን ጀምሮ የፋይል ግንኙነቱ በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ያስገድዳል፤ ያለ ይለፍ ቃል በእንግድነት መግባትንም አይቀበልም። ናሱን «ጌስት» ሆነው ይጠቀሙ የነበሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተቆርጠዋል። መፍትሔው ናሱ ላይ ለመቅረጫው ብቻ የሚሆን ተጠቃሚና የይለፍ ቃል መክፈት፣ የናሱንም ፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌሩን) ማደስ ነው። ጥበቃውን አጥፉት የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ ሌላ መንገድ እያለ አያስፈልግም።

ስለ ክራክ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። እዚህ አገር በተሰበረ ላይሰንስ የሚሠራ የመቅረጫ ሶፍትዌር ብዙ ነው። ከሽግግሩ በኋላ የዊንዶውስ ዲፌንደር የተነካካውን ፋይል ለይቶ ሊያነሳው ይችላል፣ ሶፍትዌሩም በማግስቱ አይነሳም። «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ ገብታችሁ ስሙን ካገኛችሁት መልሳችሁ አትፍቀዱት። የካሜራ አምራቾች በነጻ የሚሰጡት ሶፍትዌር ለትንሽ ሱቅ ይበቃል።

ሰዓታት ቆይቶ የሚወድቀው

«ታስክ ማኔጀር»ን ከፍታችሁ ተዉትና የሶፍትዌሩን ሜሞሪ ጠዋትና ማታ ጻፉ። ሳያቋርጥ የሚያድግ ከሆነ ሜሞሪ ያፈስሳል፤ ይህን የሚያስተካክለው የአምራቹ አዲስ ቨርዥን ነው። ከስሙ አጠገብ «32 ቢት» የሚል ካለ ኮምፒውተሩ 16 ጊጋባይት ቢኖረውም ፕሮግራሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ጊጋባይት በላይ መጠቀም አይችልም። የ64 ቢቱን ቨርዥን ፈልጉ፤ ከሌለ የካሜራ ቁጥሩን ወይም ጥራቱን ቀንሱ።

ሜሞሪው ካልጨመረ ዲስኩን ፈትሹ። የዲስኩን «ፕሮፐርቲስ» ክፈቱና «ቱልስ» ውስጥ «ቼክ» በሉት። ሽግግሩ ላይ እያለ መብራት ሄዶ ከነበረ ዳታቤዙ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፦ ሶፍትዌሩን ዝጉ፣ የዳታቤዙን ፎልደር ስም ቀይሩ፣ አታጥፉት፣ ከዚያ ሶፍትዌሩን አስነሱ። አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ፈጥሮ ከሠራ ችግሩ እሱ ነበር፤ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች አሮጌውን ቀረጻ እንደገና የሚመዘግቡበት ትእዛዝ አላቸው።

አሁን መጫን ይቻላል

እስካሁን ካልተገኘ የአምራቹን አዲስ ቨርዥን፣ ለዊንዶውስ 11 የሚሠራ መሆኑን አንብባችሁ፣ በአሮጌው ላይ ጫኑት፤ ነቅላችሁ ሳይሆን በላዩ ላይ። የራሱ የዊንዶውስ ፋይል ከተጠረጠረ «ሪከቨሪ» ውስጥ «ሪኢንስቶል ናው» የሚለው ፕሮግራሞችንና ፋይሎችን ሳያጠፋ ዊንዶውስን እንደገና ይጭናል።

አንድ ነገር ቀይራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይሮ «ተስተካከለ» ያለ ሰው፣ ሲበላሽ የትኛውን እንደሚመልስ አያውቅም።

ሲረጋጋ «ሰርቪስስ» ውስጥ የሶፍትዌሩን ሰርቪስ «ኦቶማቲክ ዲሌይድ ስታርት» አድርጉት፤ «ሪከቨሪ» የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ሦስቱንም ቦታ «ሪስታርት ዘ ሰርቪስ» ምረጡ። በሽታውን አያድንም፣ ግን ሌሊት ቢወድቅ ጠዋት ድረስ ተኝቶ አይጠብቃችሁም። «ስሊፕ»ን አጥፉ፣ የዊንዶውስ አፕዴትንም «አክቲቭ አወርስ» (ዊንዶውስ በራሱ ሪስታርት የማያደርግበትን ሰዓት) ሱቁ ሰው ያለበትን ሰዓት ሳይሆን ቀረጻው በጣም የሚያስፈልግበትን ሰዓት እንዲሸፍን አስተካክሉ። በማግስቱ የሌሊቱን ቀረጻ ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ስክሪኑ ላይ ምስል መታየቱ እየቀረጸ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

አሁንም ከወደቀ ለአምራቹ ጻፉ። የሶፍትዌሩን ቨርዥን፣ የዊንዶውሱን ቨርዥን፣ የካርዱን ስምና የድራይቨሩን ቀን፣ የካሜራዎቹን ብዛትና ዓይነት፣ ከሎጉም ሦስቱን መስመሮች ገልብጡ። የሶፍትዌሩን ሎግ ስታያይዙ ግን መጀመሪያ ክፈቱና አንብቡት፦ የአርቲኤስፒ አድራሻ ውስጥ የካሜራው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሳይሸፈን ተጽፎ ይገኛል፣ ከመላካችሁ በፊት አጥፉት።